አሥራ አራት ደቂቃ የዘገየችው ሳተላይት

ሽማግሌው ቤት የገባሁት ለምግብና ለጽዳት ነው። በስልክ የቀጠረችኝ ካይሮ የምትኖረው ሴት ልጃቸው ናት። አባቷ ስኳር እንዳለባቸው፣ መርፌያቸውን በሰዓቱ መውሰድ እንዳለባቸው፣ ደረጃ ላይ ለብቻቸው እንዳልለቃቸው ነገረችኝ። ሰማይ ስለማየት ያለችው ነገር አልነበረም። ሥራ ነው ብላ ስላልቆጠረችው ይመስለኛል።

ቤቱ የመን፣ ኤደን ከተማ፣ መንሱራ የሚባል ሰፈር ነው፤ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካሉት ፎቆች የአንደኛው የመጨረሻ ወለል። ዓሚ ነበር የምላቸው፣ አጎቴ እንደማለት። እሳቸው ብንቲ ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። በጉልበታቸው ዘመን ወደቡ ላይ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበሩ። ለመርከቦች የሚተላለፈውን ማስጠንቀቂያ፣ እሳቸው እስከ ዛሬ «ወርኒንግ» የሚሉትን፣ እያነበቡ ማሰማት ነበር ሥራቸው። እዚህ ጋ የሰጠመ መርከብ አለ፣ እዚያ ጋ የምልክት መብራት ጠፍቷል፣ የመሳሰለውን። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ፣ በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ከሰማይ ብረት ስለሚወድቅ ከዚህ የባሕር ክፍል ራቁ የሚል ይመጣል። የሮኬት ስብርባሪ ነው። ሌሎቹ አንብበው ያልፉታል። ዓሚ ግን ቦታዎቹን ካርታ ላይ በእርሳስ ማስመር ጀመሩ፤ ጡረታ ከወጡ በኋላም አልተዉትም።

ነገሩን ያስረዱኝ ድንች ስልጥ ነው። ከሳህኑ አንዱን አንስተው ከቀሚሴ ጫፍ የመዘዝኩላቸውን ክር ዙሪያውን ጠመጠሙበት። ክሩ ምሕዋሩ ነው አሉኝ፤ ሳተላይቷ የምትሄድበት መንገድ። ክሩ ባለበት ይቆያል፤ ከሥሩ የሚዞረው ድንቹ ነው። አዲስ ሳተላይት ስትወነጨፍ ባለቤቶቿ መንገዷን ቶሎ አይናገሩም፤ ጭራሽ የማይናገሩበትም ጊዜ አለ። በየአገሩ ደግሞ እንደ እሳቸው ያሉ፣ ማንም ያልቀጠራቸው፣ ከየሰገነታቸው የሚመለከቱ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች የሚጠይቁት፣ ዛሬ ማታ በስንት ሰዓት፣ በየት በኩል እንይ ብለው ነው። ዓሚ ያንን ነበር የሚገምቱላቸው። ሮኬቱ የሚነሣበት ቦታ ይታወቃል። ብረቱ የሚወድቅባቸውን ሁለት የባሕር ክፍሎች በመስመር ስታገናኚያቸው አቅጣጫው ይወጣልሻል። የሚቀረው ከፍታው ነው፤ እሱን ቀድመው ከሄዱት ከእኅቶቿ ይገምታሉ። ከዚያ ቁጥሩን ይልኩላቸዋል።

እኔ ስመጣ ግን ስኳሩ ዓይናቸውን ወስዶታል። መጀመሪያ የጠፋባቸው ኮከቡ ነው አሉኝ፣ ቀጥሎ ፊደሉ። እኔ ወሎ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ፈተናውን ያላለፍኩ ነኝ፤ የእንግሊዝኛ ቁጥርና ጥቂት ቃል አይጠፋኝም። አንድ ቀን ከኮምፒውተሩ ላይ አንድ መስመር እንዳነብላቸው ጠየቁኝ፤ አነበብኩ። በሳምንቱ አንድ ሙሉ ገጽ ሆነ። በወሩ ደርቢሉን፣ ያን ባለ ሁለት ዓይን የሩቅ ማያ፣ አንገቴ ላይ አጥልቀውልኝ ሰጥሕ ላይ፣ ጣሪያው ላይ ማለት ነው፣ ወጣን።

ሦስት ዓይነት ሰዓት ነበረን። እኔ በልቤ በአገሬ ሰዓት እቆጥራለሁ። እሳቸው በኤደን ሰዓት። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ደግሞ መርከበኞች በሚጠቀሙበት በግሪንዊች ነው። ለአንዲት ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ስድስት ተኩል፣ ሦስት ተኩል እንላለን። መጀመሪያ ላይ ተምታታብኝ። ኋላ ደቂቃና ሰከንዱን ብቻ መያዝ ተማርኩ፤ እሱ በሦስቱም አንድ ነው።

ያን ጊዜ ወንድሜ ከሄደ ሰባት ወሩ ነበር። በአራት ዓመት እበልጠዋለሁ። በጀልባ ከኤደን አለፍ ብሎ ባለው በላሕጅ ባሕር ዳር ወርዶ፣ እዚሁ ኤደን ሼክ ዑስማን ሰፈር ሀሽሚ ገበያ ዳር መኪና እያጠበ ስድስት ሳምንት አብሮኝ ከረመ። አርብ አርብ እንገናኝ ነበር። ሳዑዲ መግባት ነው ያሰበው። እዚሁ ቆይ ብዬው ነበር፤ አንዴ ብቻ ነው ያልኩት፣ አልደገምኩትም። በሰሜን፣ ሳዑዲ ድንበር አጠገብ ያለችው ሰዓዳ ደርሶ ደወለልኝ። ነገ ተነገ ወዲያ እንሻገራለን እትዬ፣ ዱዓ አድርጊ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ስልኩ ዝም አለ።

መጀመሪያ በየቀኑ እደውል ነበር፣ ኋላ በየአርቡ። የደወሉለት ቁጥር አይገኝም የምትለዋን ሴት ዓረብኛ ከነአነጋገሯ በቃሌ ያዝኩት። ሰው ሲጠይቀኝ፣ ሥራ ላይ ይሆናል እላለሁ። ሞቷል ብዬ አላለቀስኩም፤ በሕይወት አለ ብዬም ደስ አላለኝም። እጄ ይሠራል፣ እግሬ ይሄዳል። ዓሚ ይህን ያውቁ አይመስለኝም። ዝምተኛ ናት ነበር የሚሉኝ፤ ለልጃቸውም እንዲያው እንደ ምስጋና ነግረዋታል።

ብርድ በሚባለው ወራት አንድ ወርኒንግ መጣ። ሁለት የባሕር ክፍሎች ናቸው፣ ሁለቱም ሕንድ ውቅያኖስ ላይ፣ አንዱ ከአንዱ ወደ ደቡብ የራቀ። ዓሚ ካርታው ላይ በቃል እየመሩ አስመሩኝ። መስመሩ ወደ ምድር ዋልታ የሚሄድ ሆነ። ይቺ ጠዋት ጠዋት በንጋት፣ ማታ ማታ በምሽት እየመጣች በላያችን ታልፋለች፣ ጥሩ መንገድ ነው አሉ። ከፍታዋን አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገመቱ። ሰኞ ሊነጋ ሲል ተወነጨፈች። የዚያኑ ዕለት ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ላይ፣ ከደቡብ ተነሥታ በፈም አል ሑት አጠገብ ወደ ሰሜን ታልፋለች ብለው ለሁሉም ላኩ። ፈም አል ሑት በደቡብ ምዕራብ በኩል ለብቻው የሚበራ ኮከብ ነው፤ የዓሣ አፍ ማለት ነው።

ሰኞ መግሪብ ሰግደን ወጣን። የመንሱራ ካህረባ፣ የኤሌክትሪክ መብራቱ፣ እንደ ልማዱ ጠፍቷል፣ ሰማዩ ጥቁር ነው። እሳቸው ከውሃ ታንከሩ ጥግ ፕላስቲክ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ ሰከንድ የምትቆጥረው ሬዲዮ ጉልበታቸው ላይ ቲክ ቲክ ትላለች። ከሰዓቱ ሦስት ደቂቃ ቀድመሽ ጀምሪ፣ ሦስት ደቂቃ አልፈሽ ተዪ፣ ከዚያ በላይ ክንድም ዓይንም ይዋሻል ብለውኛል። እንዳሉኝ አደረግሁ። የመጣ ነገር አልነበረም። አሥራ ሁለት ከሃምሳ ሦስት ላይ ደርቢሉን አወረድኩና ክንዳቸውን ይዤ ደረጃውን ወረድን። እራት ላይ፣ ወይ ተበላሽታ ወድቃለች፣ ወይ ግምቴ ጎድሏል አሉ። ከሌሎቹም አየሁ ያለ አልተገኘም።

ማክሰኞ ምሳ አቅርቤ እያለ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። የአገሬ ልጅ ድምፅ ነው። የወንድሜን ስም ጠርቶ እኅቱ ነሽ ወይ አለኝ። ነኝ አልኩት። እዚሁ ኤደን ዳር ሰዓድ ሰፈር ነው ያለሁት፣ መምጣት ከቻልሽ በአካል ብነግርሽ ይሻላል አለ። ዓሚን አትክልት ልገዛ ነው ብዬ ወጣሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ሆኜ፣ ገና ሳልሰማው ምን እንደሚለኝ አውቄዋለሁ። በመስኮት የሱቅ ጽሑፍ እያነበብኩ ሄድኩ። የጎማ ጥገና፣ የስልክ ካርድ፣ በረዶ።

ልጁ የላሕጅ መኪናዎች በሚቆሙበት መንገድ ዳር፣ ከግድግዳ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ነበር። ከወንድሜ እኩያ ነው። ከስቷል፤ የግራ እጁ በጨርቅ ታስሯል። አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ ነገረኝ። ከሰዓዳ አልፈው ተራራ ላይ ተራ ሲጠብቁ ብዙ ሰው ሆዱን ታሞ ነበር። ወንድሜም ታመመ። የበላውን የጠጣውን ሁሉ ወደ ላይም ወደ ታችም እያወጣ ሦስት ቀን ነው የቆየው። በሦስተኛው ቀን በዐስር ሶላት ሰዓት አረፈ። ይህ ከሆነ ስድስት ወር አልፎታል። ልጁ ራሱ ተይዞ፣ ተመልሶ፣ ስልኬን የሚያውቅ ሰው እስኪያገኝ ድረስ ዘግይቶ ነው እንጂ አልረሳሁትም ብሎ ማለልኝ።

«ማን አጠበው?» አልኩት። ሌላ የምጠይቀው አልመጣልኝም።

«እኔ ነኝ። ውሃ አልነበረም እትዬ። የምንጠጣውም የለም። በአፈር ተየመምንለት። ሰገድንበት። ድንጋይ ደርድረንበታል፣ አውሬ አይነካውም።»

አላህ ይክፈልህ አልኩት። ኢና ሊላሂ አልኩ፤ አፌ ነው ያለው። እሱ አለቀሰ። እኔ እሱ እስኪጨርስ ጠበቅሁና እጅህን ሐኪም አይቶታል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ከዚያ ተነሥቼ ቲማቲምና ሽንኩርት ገዛሁ፤ አትክልት ልገዛ ብዬ ነበር የወጣሁት።

ቤት ስደርስ ለመግሪብ ሩብ ሰዓት ቀርቶ ነበር። ዓሚ ውዱእ አድርገው ጫማቸውን ተጫምተው በሩ ጋ ቆመዋል። የማክሰኞውን ሰዓት ለብቻቸው በአእምሮአቸው አስልተውት ኖሮ፣ አሥራ ሁለት ከሃያ ዘጠኝ ነው አሉኝ፤ ገና ሰማዩ ሳይጨልም ስለሆነ ብታልፍም ላናያት እንችላለን። ሰገድን፣ ወጣን። ደርቢሉን ፈም አል ሑት ላይ አደረግሁ። ኮከቡ ከምሽቱ ብርሃን ውስጥ ገና በጭንቅ ነበር የሚታየው። ሃያ ዘጠኝ አለፈ፣ ሠላሳ ሁለት አለፈ።

በቃ እንውረድ አሉ። እሺ አልኩ መሰለኝ። ግን አልወረድኩም። ክንዴን የማውረድ ነገር ራቀኝ። ማውረድ ማለት መዞር፣ ደረጃውን መውረድ፣ ሽንኩርት መክተፍ፣ ከዚያ ማሰብ ነው። እንዳለሁ ቆምኩ። ዓሚ ያለ እኔ ደረጃውን ስለማይወርዱ ለመቀመጥ ተገደዱ። ብርድ ነው፣ ምን ትጠብቂያለሽ ብለው አጉረመረሙ። ትንሽ አልኳቸው። ሬዲዮዋ ትቆጥራለች። ታች መንገዱ ላይ የሆነ ሰው ጀነሬተር ለማስነሣት ገመዱን እየሳበ፣ እየሳበ እምቢ ይለዋል። ሰማዩ ጠቆረ። በደርቢሉ ውስጥ ከፈም አል ሑት በታች ሁለት ትንንሽ ኮከቦች ብቅ አሉ፤ ከዚያ በፊት ለይቻቸው አላውቅም።

ከታች ገባች። ደብዛዛ ናት፤ አትብለጨለጭም፣ አትጣደፍም። በሁለቱ ትንንሽ ኮከቦች መካከል ስትሰነጥቅ በእጄ የያዝኩትን የሰከንድ መያዣ ሰዓት ጫንኩት።

«ዓሚ፣ አገኘኋት።»

ወንበሩ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁ። የት በኩል አሉኝ። ነገርኳቸው። ከላይኛዋ ኮከብ ምን ያህል ራቀች አሉኝ። በመካከላቸው ያለውን ሦስት እጅ ብናደርገው አንድ እጅ አልኳቸው። ካሉት መስመር ትንሽ ወደ ምዕራብ ፈቀቅ ብላለች። አውሮፕላን እንዳይሆን አሉ። አይደለም፣ ድምፅም ቀይ መብራትም የላትም አልኩ። እስከ ሰሜን ተከተልኳት፤ ከዚያ ጭለማ ውስጥ እንደሚገባ ሰው ቀስ ብላ ጠፋች።

ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ በሶላር መብራት ቁጥሩን አወጣን። ከግምቱ አሥራ አራት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ ዘግይታለች። ዓሚ በጣታቸው ጠረጴዛውን እየመቱ በሰከንድ እንድቀይረው ነገሩኝ፤ ስምንት መቶ ሃምሳ ሁለት። ከተወነጨፈች ጀምሮ ሃያ አራት ጊዜ ዞራለች፤ አካፍዪው። በየዙሩ ሠላሳ አምስት ሰከንድ ተኩል ወጣ። እዚህ ላይ ሳቁ። ከፍ ያለች ትዘገያለች አሉኝ፤ መንገዷ ይረዝማል፣ እርምጃዋም ይቀንሳል። ከገመቱት በሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብላ ኖሯል። ሰኞም መጥታ ነበር፤ እኛ ከወረድን በኋላ፣ ከሁለት ደቂቃ ትንሽ አለፍ ብሎ ማለት ነው። ምዕራብ ፈቀቅ ያለችውም ለዚሁ ነው፤ በዘገየች ቁጥር ድንቹ ከሥሯ ይዞራል። አዲሱን ግምት ፊደል በፊደል እያስጻፉኝ ላክን። እንዲህ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። መርፌያቸውን ሰጠኋቸው፣ እራት አቀረብኩ፣ ሳህን አጠብኩ።

ረቡዕ ጠዋት መልስ መጣ። ደቡብ አፍሪካ ያለ ሰው በአዲሱ ሰዓት ወጥቶ በአሥር ሰከንድ ልዩነት አግኝቷታል። ሌላው ደግሞ ማክሰኞ ያየው ማን ነው፣ የእርስዎ ዓይን አይደለም እኮ ብሎ ጽፏል። ዓሚ ምን ብዬ ልመልስ አሉኝ። ለሚመለከቱ ሰዎች አንድ አንድ ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ ለአንቺም እንዲሰጡሽ ልጠይቅ አሉ። እንደፈለጉ አልኳቸው።

ሐሙስ ማታ ነው ነገ ሀሽሚ ደርሼ ልምጣ ብዬ ያስፈቀድኩት። እዚያ ያሉት የወሎ ሴቶች ሰምተው ነበር። ከጁምዓ በኋላ በሩቅ ለሞተ የሚሰገደውን ሶላት እንዲሰገድለት ለኢማሙ ነግረውልኛል።

ዓሚ ምን ልትሠሪ ነው አሉኝ።

«ለሶላት ነው። ወንድሜ ሞቷል።»

ሻይ ይዘው ነበር፤ አስቀመጡት።

«መቼ ሰማሽ?»

«ማክሰኞ ከሰዓት።»

ቀኑን ሲቆጥሩ ይታወቀኛል። «ማክሰኞ እኮ ሰጥሕ ላይ ነበርሽ» አሉ።

«አዎ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሰዓቱ ደርሶ ነበር።»

የመለስኩት ይህንኑ ነው። ሌላ ምክንያት ነበረኝ ብል ውሸት ይሆናል። እሳቸውም ሌላ አልጠየቁኝም። አላህ ይማረው ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ፤ ረጅም ጊዜ መብራቱን ሳያጠፉ ቆዩ። መብራት ደግሞ ለእሳቸው ምንም አያደርግላቸውም።

በማግስቱ ልወጣ ስል ነጭ ለብሰው በሩ ላይ አገኘኋቸው። ከአንድ ዓመት በላይ ከቤት ወጥተው አያውቁም። ፀሐይ ነው፣ ግፊያ ነው ብዬ ነበር፤ አልሰሙኝም። በሚኒባስ ሄድን፤ ክንዴን ይዘው የወረደውንና የወጣውን መንገድ በእግራቸው እየዳሰሱ። መስጊዱ ስንደርስ አንድ የአገሬ ልጅ ተቀብሎኝ ወደ ወንዶቹ ይዟቸው ገባ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ቆምኩ። ጁምዓው አለቀ፣ የወንድሜ ሶላት ተሰገደ። ሩኩዕም ሱጁድም፣ ማጎንበስም ግንባር መድፋትም፣ የለውም፤ ቆመው አራት ተክቢራ፣ አራት ጊዜ አላሁ አክበር ማለት ነው፣ ቶሎ ያልቃል።

ኋላ ስንወጣ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። ከወንዶቹ ወገን የእኔ የምለው ሰው አልነበረም። አባቴ የለም፣ ሌላ ወንድም የለኝም። የመንገድ ልጆቹ፣ መኪና አጣቢዎቹ፣ ወደ ሰሜን የሚሄዱትና ከሰሜን የተመለሱት ተሰልፈው ነበር፤ ማንን እንደሚያጽናኑ ግን አያውቁም። ዓሚ መስጊዱ በር ላይ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ። ልጆቹ አንድ በአንድ እየመጡ እጃቸውን ይጨብጣሉ፤ እሳቸው ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ይቀበላሉ። አንዱ በዓረብኛ የእርስዎ ምን ነበር ብሎ ጠየቃቸው። «የቤቴ ልጅ ነው» አሉት። ወንድሜን አንድ ቀን አይተውት አያውቁም።

ሴቶቹ እኔን ከበው ያለቅሱ ነበር። አልቅሺ፣ ያልወጣ እንባ ያሳምማል አለችኝ አንዷ ትልቅ ሴት፣ ጀርባዬን እየደባበሰች። እሞክር ነበር። ዓይኔ ደረቅ ነው። ዓሚ ፀሐይ ላይ ብዙ ቆሙ፣ ስኳራቸው ይወርዳል ብዬ ነበር የማስበው።

ለእናቴ የነገርኳት ከሳምንት በኋላ ነው። ጎረቤቶቿ አጠገቧ እንዲሆኑ አስቀድሜ ላክሁባቸው፤ ስለዚህ ስልኩን ስታነሣ ገብቷታል። ጩኸት ጠብቄ ነበር፣ አልጮኸችም። ስለ ሕመሙ ጠየቀችኝ፣ ስንት ቀን እንደቆየ፣ ማን አጠገቡ እንደነበረ። ነገርኳት።

«አጠቡት?» አለችኝ።

«ውሃ አልነበረም እማዬ። በአፈር ተየመሙለት።»

«አፈሩ ንጹሕ ነበር?» አለች።

«ንጹሕ ነበር» አልኳት።

ልጁን አልጠየቅሁትም ነበር። በማግስቱ ዳር ሰዓድ ሄድኩ። ግድግዳው ሥር ሌሎች ልጆች ተቀምጠዋል። እሱ እጁ ሳይድን ተመልሶ ወደ ሰሜን ከሄደ ሁለት ቀኑ ነው አሉኝ። ስልኩን ሞከርኩ፣ አይሠራም። እናቴ ያን ጥያቄ ዳግም አላነሣችም። እኔም ውሸቴን አላነሣሁላትም።

የመመልከቻ ቁጥሬ በሁለተኛው ወር መጣ። ዓሚ በወረቀት አስጽፈው ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ አስለጠፉልኝ። ከዚያ በኋላ ወደ ሠላሳ ያህል ሳተላይት ሰዓት ያዝን፤ አንዳንዷ በሰዓቷ ትመጣለች፣ አንዳንዷ ጭራሽ አትመጣም። ካላገኘኋት፣ ዓሚ አትውረጂ የሚሉኝ ጊዜ በዝቶ ነበር። እኔ ግን ሦስት ደቂቃዬን ጨርሼ እወርድ ነበር።

በዓመቱ ልጃቸው ለዓይን ቀዶ ጥገና ካይሮ ወሰደቻቸው። አልተመለሱም። አንዱ ዓይን ትንሽ በራላቸው፤ መስኮትና የሰው ጥላ ይለያሉ። እኔ እዚያው መንሱራ፣ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ፣ አምስት ልጆች ያሉበት ቤት ገባሁ። ሥራው ብዙ ነው፣ ሰጥሑ ላይ የሚወጣው ልብስ ለማስጣት ብቻ ነው። ዓሚ በወር አንዴ በድምፅ መልእክት ይልኩልኛል። እንዴት ነሽ ብንቲ ይላሉ፣ ስለ ካይሮ ዳቦ ያማርራሉ። ደህና ነኝ ብዬ እመልሳለሁ፤ ስለ ልጆቹም እነግራቸዋለሁ። ትንሿ መራመድ ጀምራለች፤ ቀኑን ሙሉ ቀሚሴን ይዛ ነው የምትውለው።